የባልቴቷ ሠራተኞች

አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ሸንኮራዋማ ከመርዘሙ የተነሣ አሞራ እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ጎረቤቶቿ «ምን ብታደርጊው ነው?» ሲሏት፣ «እበቱን፣ ገለባውን፣ የሸንኮራውን ልጣጭ ሁሉ አፈር አለብሰዋለሁ። እዚያ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ሠራተኞች አሉኝ፤ እነሱ ቆሻሻውን እየበሉ ሸንኮራዬን ያጠግቡልኛል» ትላለች።

ወሬው ከግራዝማች ደስበለው ጆሮ ገባ። ግራዝማች እንኳን ሊሠሩ፣ ከተቀመጡበት ለመነሣት አራት ሰው የሚደግፋቸው ጌታ ናቸው። አስጠሯትና፣

«አንቺ! ለካ ያን ሁሉ ሠራተኛ ደብቀሽ ኖሯል! ነገ አምጥተሽ ግቢዬን ካላሳጠርሽ፣ የሸንኮራ ማሳሽ የእኔ ነው!» አሏት።

በማግሥቱ ባልቴቷ አንድ ቅርጫት የበሰበሰ ፍግ ተሸክማ መጣችና እግራቸው ሥር ዘረገፈችው።

«ምንድን ነው ይሄ?!»

«ሠራተኞቼ ናቸዋ፣ ጌታዬ! እንዳሻዎ ይዘዟቸው። ብቻ አንድ ዐመል አለባቸው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አይነኩም፤ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ካገኙ ግን ፍግ ሳያደርጉት አይለቁም።»

ግራዝማች ያን ቀን ማንም ሳይደግፋቸው ተነሡ። «ኧረ ሰብስቢና ወደ ሸንኮራሽ ውሰጂልኝ!» እያሉም ግቢያቸውን ሲዞሩ ዋሉ።