ባለ ሁለት አንጎሏ ሳጥን

በዋርካ በር ከተማ፣ ሰው ያለ ነገሩ ሲመካ የሚመልሱለት አጭር አነጋገር አለ። «ሁለት ዋስ ጠርቻለሁ» ያለ ሰው ሁለቱም ዋሶቹ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ሲገኙ ይሉታል። ሁለት ቁልፍ አስቀርጾ ሁለቱንም በአንድ ኪስ ይዞ የጣለም አያመልጣትም። ወጣቶቹ ከድሮ አባቶች የወረደች ትመስላቸዋለች። ተሳስተዋል። የወጣችው ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ እኔ አስካለ መዝገብ ያዥ ሆኜ ዘመኔን ከፈጀሁበት ክፍል ነው። ጥፋቱም በከፊል የእኔ ነውና ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራብኝ ራሴ ብናገረው ይሻለኛል።

ሳጥኗ በፒክአፕ ተጭና የመጣች ቀን ቢሮው ሙሽራ የገባ ቤት መሰለ። ከመንገደኛ ሻንጣ እምብዛም አትበልጥም፤ ክብደቷ ግን አራት ወንድ አስጎንብሷል። ኃላፊያችን አቶ ስመኘው የአገር ሽማግሌዎችን ሳይቀር ጠርተው ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። ሳጥኗን ልትተክል ከአዲስ አበባ የመጣችው ኢንጂነር ትርሲት ትባላለች። እጅጌዋን ሰብስባ መሬት ላይ ተንበርክካ እየሠራች ታስረዳን ጀመር።

«ይቺ ትንሿ ናት፤ እንደ እናንተ ላለ ቢሮ መነሻ እንድትሆን የተሠራች» አለች። «ውስጧ ግን ሁለት ሰርቨር አለ፤ ሁለት አንጎል በሉት። አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራውን ይቀበላል። እያንዳንዱ መዝገብ በሁለት ዲስክ ላይ ይጻፋል። አንድ ዲስክ ከተበላሸ ቀይ መብራት ታበራለች፣ እኛ መጥተን እሷ እየሠራች እያለ ነቅለን እንተካለን። ፕሮግራሙ ከፋብሪካ ተጭኖላት ነው የመጣው፤ ቅጂዋንም በየቀኑ ራሷ ታስቀምጣለች። ሥራ ሲበዛባችሁ ደግሞ ሌላ ሳጥን አትገዙም፤ አሁን የተዘጋውን አቅሟን ማስከፈት ብቻ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ደምላሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ ሰው ናቸውና የሳጥኗን ፊት ትተው ወደ ኋላዋ ዞሩ፤ ላም ሲገዙም እንደዚያው ናቸው።

«ልጄ፣ ጅራቷ ለምን ሁለት ሆነ?»

ትርሲት ሳቀች። «የመብራት ገመዷ ነው አባቴ። አንደኛው በዚህ በነጩ ሶኬት ከመደበኛው መብራት ይገባል። ሌላኛው በዚያ በቀዩ ሶኬት፤ ቀዩ ከባትሪውና ከጄኔሬተሩ ነው የሚመጣው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይይዛታል።»

«ይበል! ክፉ ወይፈንም የሚታሰረው እንዲህ ነው፤ በሁለት ገመድ፣ በሁለት ችካል» አሉ አያ ደምላሽ፤ መርቀዋት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ምረቃ ሆነ። ከዞን እንግዶች መጡ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ሞንታርቦ ተከራየን። እንግዶቹ ደርሰው ሞንታርቦው የሚሰካበት ጠፋ። አቶ ስመኘው ላብ በላብ ሆነው ክፍሌ ገቡ።

«አስካለ፣ ያንን ከቀዩ ላይ ንቀይው!»

«ኧረ ኢንጂነሯ ምን ብላ ነው የሄደችው?»

«ንቀይውና ከወንድሙ ጋር ዲቫይደሩ ላይ ሰኪው። ዋናው መሰካቱ ነው። ለጊዜው ነው፣ ለጊዜው!»

ነቀልኩ፤ ሰካሁ። ሁለቱም ገመዶች፣ የእኔ ኮምፒውተርና ፕሪንተሩ ጭምር፣ ነጩ ሶኬት ላይ በተሰካ አንድ ዲቫይደር ላይ ሆኑ። በአገራችን እንደ «ለጊዜው» ዕድሜ የተሰጠው ነገር የለም። ሞንታርቦው በማግስቱ ሲመለስ አቶ ስመኘው በቀዩ ሶኬት ላይ የእንግዳ ሻይ የሚፈላበትን የውሃ ማፍያ ሰኩበት። እኔም አየሁት፤ ዝም አልኩ። ከኃላፊ ጋር በሶኬት ልጣላ?

ወዲያው ደግሞ የወረቀት ፋይሎቹ ተጭነው ወደ ዞን መጋዘን ሄዱ። «ትንሽ እናቆያቸው» ብዬ ለምኜ ነበር። «ሁለት አንጎል ያላት እያለች ወረቀት ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?» ብለው አቶ ስመኘው ሳቁብኝ። ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኗም ትጠፋለች። ባለጉዳይ ሲመጣ «ሲስተም የለም» እንላለን። ባለጉዳይም ለምዷታል፤ ነጠላውን አስተካክሎ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ እሷም ትነሳለች። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋ የለ? አንዳችንም ለምን ብለን አልጠየቅንም። እኔ ደግሞ መልሱ ክፍሌ ውስጥ፣ ከእግሬ ሥር ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። እማማ ይርገዱ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

እማማ ይርገዱ የአያ ደምላሽ የሟች ወንድማቸው ሚስት ናቸው። ወንዝ ዳር ሁለት ጥማድ መሬት አለቻቸው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። የመሬት ደብተራቸው ጎርፍ ቤታቸው በገባ ጊዜ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ይህንን የሰማ ጎረቤታቸው ድንበሩን አልፎ አረሰና «የእኔ ናት» ብሎ ፍርድ ቤት አቆማቸው። ፍርድ ቤቱ የጽሕፈት ቤቱን ማስረጃ አምጪ አላቸው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሲስተም የለም አልናቸው። በሁለተኛው አቶ ስመኘው ማኅተሙን ቆልፈውበት ሥልጠና ሄደው ነበር። ሦስተኛውን ሲሰጡ ዳኛዋ ቆርጠው ጻፉ፦ እስከዚህ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማስረጃው ካልቀረበ ማስረጃ የማቅረብ መብቷ ይታለፋል።

በዚያ ቀን ገና ቢሮ ሳይከፈት በር ላይ አገኘኋቸው። አያ ደምላሽ ምስክር ሆነው አብረው መጥተዋል። እማማ ይርገዱ የቀጠሮዋን ወረቀት በመሀረብ ቋጥረው በሁለት እጃቸው ይዘዋታል።

«ልጄ፣ ዛሬስ አለ?»

«አለ እማማ፤ ዛሬ አለ» አልኳቸውና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስማቸውን ጻፍኩ። መዝገባቸው ወጣ፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስናቸው በዓይኔ አየሁት። አትም ልለው እጄን ስዘረጋ ድርግም አለ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

«ትመለሳለች» አሉ አቶ ስመኘው። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ግቢው በጩኸት ተሞላ። ሳጥኗ ግን ጭጭ።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት። ወደ መብራት ሰዎች ብደውል «ነፋስ ከወንዙ ማዶ ምሰሶ ጥሏል፤ ዛሬ አትጠብቁን» አሉኝ። ለአቶ ስመኘው በጆሯቸው ነገርኳቸው። እማማ ይርገዱ ከወንበራቸው ሆነው ከንፈራችንን ያነባሉ።

«ምን አሉ? ልጄ፣ ምን አሉ?»

ምን ልበላቸው? ወረቀቱ ቢኖር ተነስቼ ከመደርደሪያ አወርድላቸው ነበር። ወረቀቱ ዞን ነው፤ ዞን ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ።

ለትርሲት ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አገኘኋት።

«ስንት መብራት በርቷል?» አለችኝ።

«አንድም።»

«አንድም? ሁለቱ ሰርቨሮች ባንዴ አይሞቱም! ጄኔሬተሩስ?»

«እየጮኸ ነው፤ አትሰሚም?»

«ገመዶቹ ተሰክተዋል?»

«ሁለቱም ጥብቅ ብለዋል። ራሴ ነኝ የሰካኋቸው።»

ውሸት አልነበረም። የት እንደሰካኋቸው ግን አልነገርኳትም፤ እሷም የሚጠየቅ ነገር አልመሰላትም። እኔም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያች ሰዓት ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። ስምንት ወር ያየሁትን ነገር ማየት ትቼ ነበር።

«እንግዲያው ተቃጥላ እንዳይሆን...» አለች ትርሲት፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ብቻ ዲስኮቹን እንዳትነኩ! እየሰማሽ ነው? ሳላያት እንዳታወጧ...» መስመሩ ተቋረጠ።

ተቃጥላ የምትለዋን አቶ ስመኘው ሰምተዋታል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ካቻቢቴ ይዘው መጡ።

«ዲስኩን አውጥቼ ማዘጋጃ ቤት ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኘዋለሁ።»

«አትንኩ ብላለች እኮ!»

«እሷ አዲስ አበባ ናት! ባልቴቲቱ እዚህ ናቸው! ስምንት ሰዓት እየመጣ ነው፣ አይታይሽም?»

ጭንቀት ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ የሚያድን መስሎት የሚገድል እጅ ይሰጠዋል። ካቻቢቴውን ከሳጥኗ ፊት ላይ ሲያሳርፉት እማማ ይርገዱ ብድግ ብለው በመሃል ገቡ።

«ተው ልጄ! መሬቴ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው!»

አቶ ስመኘው ካቻቢቴውን ዝቅ አደረጉ። እንባቸው መጥቶ ነበር፤ አየሁት። አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። የሚያደርጉት ቢጠፋቸው የሚያውቁትን አደረጉ፤ ወደ ውሃ ማፍያው ሄደው ብርጭቆ አነሱ።

«እማማ፣ እስኪ ሻይ ልቅዳልዎ፤ ትኩስ ነው፣ አሁን ነው የፈላው።»

«ሻይ በየት በኩል ይወርዳል ልጄ» አሉ እማማ ይርገዱ።

ከጥግ የተቀመጡት አያ ደምላሽ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«ቆይ እስቲ። መብራት ጠፍቷል አላላችሁም?»

«ጠፍቷል አባቴ» አልኳቸው።

«ታዲያ ይሄ ውሃ በምን ፈላ?»

ሽማግሌው ተነስተው የማፍያውን ገመድ በዱላቸው ጫፍ ተከተሉት፤ ቀዩ ሶኬት ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ሳጥኗ ኋላ ዞሩና የመጀመሪያውን ገመድ ተከተሉ፤ ከጠረጴዛዬ ሥር፣ ዲቫይደሩ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ተከተሉ። ዱላው እየሄደ እየሄደ ወደ እኔ ሲመጣ እግሬን እንደ ሌባ ሰበሰብኩ። እሱም እዚያው ዲቫይደሩ ላይ ቆመ። አያ ደምላሽ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማፍያውን ነቅዬ ወረወርኩት። ዲቫይደሩን ከነገመዶቹ ከነጩ አውጥቼ ቀዩ ላይ ሰካሁት። ሳጥኗ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ማራገቢያዎቿ ጮኹ፣ አረንጓዴ መብራቶቿ ተራ በተራ በሩ። አልተቃጠለችም! ምንም አልሆነችም!

«በቃ ለጊዜው...» ብለው ጀመሩ አቶ ስመኘው፤ ዓይኔን ሲያዩ ቀሪውን ዋጡት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በድንገት የጠፋች ማሽን እንደተነሳች ሥራ አትጀምርም። ሁለቱ አንጎሎች መጀመሪያ ይፈላለጋሉ፤ ከዚያ ዲስኩን ከዲስክ ያስተያያሉ፤ ተስማምተው ካልጨረሱ አንዲት ገጽ አይከፍቱልህም። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር የሰካነው። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። የጄኔሬተሩ ድምፅ አንዴ ወረድ ሲል አራታችንም ባንዴ ቆምን፤ ዘበኛው የቀረውን ናፍጣ እየቀዳ ኖሯል። እማማ ይርገዱ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ይደግማሉ። አቶ ስመኘው ማኅተሙን በእጃቸው ጨብጠው በር ላይ ቆመዋል።

ሰባት ከአርባ አምስት ላይ ተከፈተች። መዝገቡ እንደነበረ ነው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችውም። ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። በባጃጅ አራት ሆነን ተጠቅጥቀን በረርን።

ችሎቱ ስንገባ ስምንት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ነበር። የጎረቤትየው ጠበቃ ቆሞ «መብቷ ይታለፍልኝ» እያለ ነው። ዳኛዋ ብዕራቸውን አንስተው መዝገቡ ላይ ሊጽፉ ጎንበስ ብለዋል። እማማ ይርገዱ ሥርዓቱን አላወቁም፤ ወረቀቱን ወደ ላይ አንስተው «ይኸው! ይኸው መሬቴ!» ብለው ጮኹ። አስተናባሪው ሊያስወጣቸው ተነሳ። ዳኛዋ በእጃቸው አስቆሙትና ወረቀቱን ተቀበሉ። ስሙን አነበቡ፣ አዋሳኞቹን አነበቡ፣ ማኅተሙን አዩ።

«ማስረጃው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ» አሉ በመጨረሻ።

እማማ ይርገዱን ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ዳኛዋ ግን አልጨረሱም። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔና ወደ አቶ ስመኘው ዞሩ።

«ሁለት ሰርቨር፣ ሁለት ዲስክ፣ ሁለት መብራት አለን ብላችሁ በሞንታርቦ ስትናገሩ እኔም ነበርኩ። እኚህ እናት ሦስት ቀጠሮ የተመላለሱበት ምክንያት በመዝገብ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ። ሲስተም የለም እንዳትሉኝ። ምን ሆናችሁ ነው?»

ያን ጊዜ አያ ደምላሽ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ አለቃዬን አዩና ወደ ዳኛዋ እጅ ነሱ።

«ክብርት ዳኛ፣ ገመዱ ሁለት፣ ችካሉ አንድ።»