ወንዙን የገሠጸው ንጉሥ

ዱሮ ነው፤ የዛሬ ሽማግሌዎች አያት እንኳ ሳይወለድ። አገሩ የት ነው አትበሉኝ፣ ለእኔም አልተነገረኝም። ብቻ ወንዝ ዳር ያለ ቆላ ነው፤ የሚገዛውም አያ አንበሳ ነበር።

ወንዙ ክፉ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር እየሞላ ሜዳው ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ይውጣል። የስንቱን ልጅ ይዞ ሄደ መሰላችሁ! አንድ ዓመት አያ አንበሳ መረረውና ነጋሪት አስመትቶ ደቦ ጠራ። ጃርት መጣች፣ ከርከሮ መጣ፣ መሬት መቆፈር የሚያውቅበት አዋልዲጌሳም መጣ። ወንዙ ከሚታጠፍበት ጀምረው ሰባት ቀን ሙሉ ቦይ ቆፈሩ። በሰባተኛው ቀን አፈሩ ተናደና የእመት ጃርትን ባል፣ አንለይን፣ ቀበረው። አልቅሰው ሲያበቁ ቁፋሮውን ጨረሱ። ወንዙም በቦዩ ዞሮ በገደሉ በኩል ሄደ።

የንጉሡ ጸሐፊ አያ ዝንጀሮ ነበር። ደቦው ሲቆፍር እሱ ዋርካው ላይ ተቀምጦ ፍሬ ይለቅማል። ሥራው ሲያልቅ ወረደና ብራናውን ዘርግቶ እንዲህ ጻፈ፦ «ንጉሡ ወንዙን ገሠጸው፤ ወንዙም አፍሮ ተመለሰ።» ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። አያ አንበሳ ሲነበብለት ሽኩርምም አለ እንጂ ተወው አላለም። ሙገሳ የሚጠላ ማን አለ? አንድ እንስራ ማር ሸለመው።

እመት ጃርት ይህን ሰምታ መጣች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ባሌ እኮ እዚያ ቦይ ውስጥ ነው የቀረው። እሱንም ጻፍልኝ እንጂ።»

«እሜቴ፣ ንጉሥ አንድ ነው፤ ጃርት ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ሁሉን ልጻፍ ብል የስንት ፍየል ቆዳ ይበቃኛል?»

«እሺ፣ ስሙ ይቅር። ቦይ መቆፈሩን ጻፍ።»

«የጭቃ ወሬ ደግሞ ማን ሊሰማ!» አለና ማሩን ላሰ።

እመት ጃርት ሙግት አላበዛችም። ቤቷ ገብታ ልጆቿን ስታስተኛ የምታዜመውን አበጀች፦

«ከዋርካው ሽቅብ፣ ከወንዙ መታጠፊያ፣
አባታችሁ ተኝቷል፣ ከቦዩ መግቢያ።»

ዓመት ዓመትን ተካ። አያ አንበሳ ሞተና ልጁ ነገሠ። በየዓመቱ በግብሩ ላይ አዲሱ ንጉሥ «ብራናው ምን ይላል?» ይላል። አያ ዝንጀሮም ጉሮሮውን ጠርጎ «ገሠጸው፤ ተመለሰ!» ይላል። እንስሳው ሁሉ እልል ይላል። ቦዩን ግን የጠረገው የለም፤ ደለል ሞላው፣ ሣር በቀለበት። እመት ጃርት «ኧረ ቦዩን ጥረጉ» ስትል «አሮጊቷ ደግሞ ጀመራት» ይሏታል፤ የገዛ የልጅ ልጆቿ ሳይቀሩ! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አንድ ክረምት ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላባራም። ወንዙ ገነፈለ። የከርከሮን ቤት ሞላው፤ ግልገሎች የሚያድሩበት የጃርቶች ጉድጓድ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀረው።

«ብራናው ምን ይላል?» አለ ንጉሡ።

«ገሠጸው፤ ተመለሰ!» አለ ዝንጀሮ።

ንጉሡ ጥላ አስይዞ፣ ነጋሪት አስመትቶ ወንዙ ዳር ቆመ። «አንተ ወንዝ! ተመለስ ብዬሃለሁ!» ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ።

«ብራናው ምን ይላል?»

«ገሠጸው ነው የሚለው፣ ጌታዬ። ምናልባት የአባትዎ ድምፅ ወፈር ይል ነበር።»

ድምፁን አወፍሮ ጮኸ፤ ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። ደገመ፤ ሆዱ ደረሰ። ወንዝ ንጉሥ ያውቃል እንዴ? ጥላ ያዡን ጎርፍ ሊወስደው ሲል በጅራቱ ጎትተው አወጡት።

ይሄኔ እመት ጃርት እያነከሰች መጣች። «ንጉሥ ሆይ፣ አባትዎ አልገሠጹም፤ ቦይ አስቆፈሩ እንጂ። ምንም አልሠሩም አልልም፣ ነጋሪት አስመትተው የሰበሰቡን እሳቸው ናቸው። የቆፈርነው ግን እኛ ነን።»

ንጉሡ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አልተጻፈማ፣ ጌታዬ!»

«ጸሐፊው አንተ አይደለህ?»

አያ ዝንጀሮ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ።

«ቦዩ የት ነው ታዲያ?» ሲል ንጉሡ ጠየቃት። እመት ጃርት አዜመችለት። ሁሉም ከዋርካው ሽቅብ ሮጡ። ከርከሮ ቆፈረ፣ ጃርት ቆፈረች፣ ንጉሡም ቆፈረ። ዝንጀሮን ከፊት አሰልፈውት በሁለት እጁ ጭቃ ዛቀ። ከደለሉ ውስጥ ያረጀ የጃርት እሾህ ሲወጣ እመት ጃርት አነሳችውና አለቀሰች። ውሃው የግልገሎቹ ደጃፍ ላይ ሳለ ቦዩ ተከፈተ፤ ወንዙም ዞረ።

ዝናቡ ሲያባራ ንጉሡ ብራናውን አስመጣ። «የድሮውን ፍቅና እንደገና ጻፍ» አለው ዝንጀሮን። እመት ጃርት ከአንለይ ጀምራ የቆፋሪዎቹን ስም አንድ በአንድ ስትጠራ፣ እሱ ጭቃ በገባበት ጥፍሩ ሲጽፍ ዋለ። ልማድ አይለቅም፤ መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ «ጌታዬ፣ የእርስዎስ ምን ተብሎ ይጻፍ?» አለ።

«እንደሆነው ጻፍ» አለ ንጉሡ። «ጮኸ፤ ወንዙም አልሰማውም በል። ከዚያ ከጃርት ጋር ቆፈረ በል።»

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ የዚያ አገር ሰው እንዲህ የሚለው፦ ጌታ ጌታውን የጻፈ ብራና፣ ጎርፍ የመጣ ዕለት ቀረ መና።