የባለ ሸማዋ መልክ

ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ቀን ዝናብ አባሮኝ ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ተጠለልኩ። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ የሙሽራ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ ያሰምራል፣ ያራግፋል፣ ደግሞ ያሰምራል። ሸምገል ያለው መኪናውን እየረገጠ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ያየዋል።

"ስንተኛህ ነው?" አለው።

"አራተኛዬ ነው ጋሼ። የሰው ጨርቅ ነው፤ እንዳላበላሸው ብዬ ነው።"

"አባቶች ሲሉ አልሰማህም እንዴ? እጅ ሲፈራ..."

የቀረውን መኪናው ዋጠብኝ። ወጣቱ ስቆ መቀሱን ሲያነሣና ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ ትንፋሽ ሲቆርጠው ብቻ አየሁ። ገብቼ "ምን አሉ?" ብዬ መጠየቁን አፈርኩ። ዝናቡ ሲያባራ ግማሽ ምሳሌ ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንዱ "እጅ ሲፈራ አፍ ይደፍራል" አለኝ። ሌላው "እጅ ሲፈራ ጎተራ ይራቆታል" አለኝ። ሁለቱም ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን መቀስ የያዘን ሰው አስቀው የሚያስቆርጡ አይደሉም። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ ከዓባይ ማዶ ወይን አምባ ማርያምን ልሳለም ሄጄ ነው። ምሳሌው መነሻ ታሪክ እንዳለው ያወቅሁትም እዚያው ነው።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ምዕራብ ግድግዳ፣ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር፣ እጆቿን የዘረጋች አንዲት አሮጊት ተሥላለች። ሌሎቹ ሥዕሎች ሁሉ ትልልቅ ዓይን አላቸው። የእርሷ ዓይኖች ግን ሁለቱም ጠበብ ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ከናፍሯም አንድ ነገር ረስታ አሁን ልትናገር የመጣች ያስመስላታል። መስመሩ ጥቂት ነው፤ እዚህም እዚያም ሳይገጥም ቀርቷል። እመቤታችንን ከተሳለምኩ በኋላ ዞር ብዬ የአሮጊቷን ማንነት የዕቃ ቤቱን ጠባቂ አባ ዘሚካኤልን ጠየቅኋቸው። ደረጃው ላይ ተቀመጡና እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ በአዲስ ሲሠራ ለምዕራቡ ግድግዳ ሸማ አስፈለገ። የዚያ አገር ሥዕል የሚሣለው ሸማ ላይ ነው፤ ሸማው በሙጫ ከግድግዳ ይለጠፍና ይሣልበታል። ፈትሉን ሰባት ዓመት ፈትላ፣ አሸምና የሰጠችው ጠጅቱ የምትባል ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ሸማ የሰጠ ሰው በእመቤታችን እግር ሥር ይሣላል፤ ልማዱ ነው። ጠጅቱ ግን ነገሩን አልፈለገችውም። እርሷ ሥራዋን ጨርሳለች፤ በመጪው ረቡዕ ከመንገደኞች ጋር ወደ ሩቅ ገዳም ልትሄድ፣ ልትመንን ተነሥታለች። ከዚያ ገዳም የገባ አይመለስም።

"እናቴ ከሄደች አላያትም" አለች አንዲት ልጇ ያልጋነሽ። "ቢያንስ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ፊቷን ልየው። ይሣሉልኝ።"

ሠዓሊው አለቃ ንብረት ይባላል። በቅዱሳን ሥዕል ስሙ የተጠራ ነው። በሌሊት ቀስቅሰው ጊዮርጊስን ሣል ቢሉት ዓይኑን ጨፍኖ ይሥለዋል ይሉት ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ግን ሥሎ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጅቱን ከዕቃ ቤቱ ደጅ አስቀመጣት። የተረፈ ሸማ ወጥሮ የወይራ ከሰሉን አነሣ። ያጠፋውን የሚያራግፍበት የዶሮ ላባ ከጆሮው ላይ ሰክቷል።

"እሜቴ፣ ዓይንዎን ከፈት ያድርጉ።"

"ይኸው ከፍቼ ነው።"

"ጨምረው።"

"ልጄ፣ የእኔን ዓይን ፈትል አጥብቦታል። ከዚህ ወዲያ የሚከፈተው በትንሣኤ ነው።"

እጁ የለመደውን ሄደ። ማታ ያልጋነሽ መጥታ አየችና "አለቃ፣ ይህችማ ቅድስት አርሴማ ናት" አለች።

ሰኞ በላባው አራግፎ እንደገና ጀመረ። ግንባሯ ላይ መስመር ጨመረ፣ ጉንጯን አጎደጎደ። እያንዳንዱን ጭረት ከመጫሩ በፊት ሦስት ጊዜ ያያታል፤ ጭሮ ደግሞ ያጠፋዋል። ማታ ያልጋነሽ ቆማ ቆማ "አሁን ደግሞ ቅድስት አርሴማ አርጅታ መጣች" አለች። መሣቋ እንጂ መከፋቷ አልነበረም፤ እርሱ ግን እራቱን ሳይበላ አደረ።

ማክሰኞ ብሶበት ዋለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸማው ላይ የነበረው ጉም ብቻ ነው፤ በጉሙ መካከል አፍንጫ የሚመስል ነገር አለ። ያልጋነሽ ያን ቀን አይታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት መንገደኞቹ መጡ። ጠጅቱ ደጀ ሰላሙን ተሳለመች፣ ካህናቱ ባረኳት፣ ልጇን ሳመች። አለቃ ንብረት አፍሮ ከዕቃ ቤቱ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ከሰሉ በጁ እንደ ያዘው ነው፣ ጉልበቱ ላይም የሸማ ቁራጭ አለ። ልትሰናበተው ስትመጣ "እሜቴ ይቅር ይበሉኝ፤ አልተሳካልኝም" አላት።

"እመቤቴ ታውቀኛለች፤ መልክ አትጠይቀኝም" ብላው ሄደች።

ሃያ እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቆም አለች። አንገቷን ብቻ ወደ ጎን መለሰችና "ያልጋነሽ፣ ያን ከደጅ የተሰጣ ጥጥ ዝናብ እንዳያገኘው" አለች።

የአለቃ ንብረት እጅ ያን ጊዜ ተነሣ። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ገባ ያለ አገጭ፣ የነጠላው እጥፋት፤ ከሰሉ ከሸማው ሳይነሣ ነው የሄደው። ጠጅቱ ፊቷን መልሳ ከአቀበቱ ሳትጠፋ እርሱ ጨርሶ ነበር።

ያልጋነሽ እንባዋን እየጠረገች በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗ አረፈበት። ቁጭ አለች። "እናቴ" አለች። "ይኸው፣ ጥጡን ዝናብ እንዳያገኘው እያለችኝ።"

ሰዉ ተሰበሰበ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቄስ ገበዝ ሊባኖስም መጡ። አይተው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀጥሎ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።"

"ወደ ጎን ስትዞር ያየኋት ነውና አባቴ።"

"ንብረት፣ ይህን ሥራ እኔ አንተን አላስተምርህም። በዚህ ቤት በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?"

አለቃ ንብረት አቀረቀረ። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ደጋግ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ዲያብሎስ ናቸው። በቀድሞው ቤተ ክርስቲያን የይሁዳ ፊት ልጆች እየቧጨሩት ጉድጓድ ሆኖ ነበር።

"እናቴን ልጅ ሁሉ ሲቧጭራት ልይ?" አለች ያልጋነሽ። የሸማውን ቁራጭ ደረቷ ላይ አደረገችው። "ይቅርብኝ። አታሥሏት።"

አለቃ ንብረት ጨነቀው። "አምጪው፣ ሁለተኛውን ዓይን ልጨምርበት" ብሎ ላባውን ከጆሮው አወረደ።

"አይነካም" አለች።

ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ሥር ይህን ሁሉ የሚሰሙ አንድ ሰው ነበሩ። የኔታ ክንፉ ናቸው፤ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም፣ የዚያ ደብር ቅኔ መምህር ናቸው። አራቱንም ቀን ከዚያች ቦታ አልተነሡም።

"ዛሬ የሣለው ማን ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"እኔ ነኝ የኔታ፤ ንብረት።"

"አይመስለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ የሰማሁት አይጥ ስትቆረጥም ነው፤ ኪር ኪር፣ ፀጥ፣ ደግሞ ኪር። ዛሬ የሰማሁት ማጭድ ነው። አንድ ጊዜ ሸው አለና አለቀ።"

ሰዉ ሣቀ፤ አለቃ ንብረት ግን አልሣቀም። "ሦስቱን ቀን የምሥለው ለግድግዳው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ትውልድ የሚያየው ነው እያልኩ። ዛሬ ለማንም አልነበረም።"

"ታዲያ እንደዛሬው በሁለት ዓይን ሣላታ።"

"ሄደችብኝ እኮ የኔታ። እያየኋት ያልቻልኩትን ሳላያት?"

"እኔ ጠጅቱን አይቻት አላውቅም፤ ግን ከመቶ ሴት መካከል በእርምጃዋ አወጣታለሁ። አንተ ሦስት ቀን አፍጥጠህባት ምንም አልቀረህም? ዞር ስትል አይተሃታል። አሁን ጨርሳ ዞራ ፊቷን ወደ አንተ ብታደርግ ምን ትመስላለች?"

አለቃ ንብረት ወደ አቀበቱ ተመለከተ። እጁ በአየር ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"ባይመስልስ?" አለ። "ሸማው አንድ ነው። ከግድግዳው ከተለጠፈ በኋላ ከሰሉን ቢያራግፉት ያበላሸዋል እንጂ አይለቅም።"

መልሱን የሰጠችው ያልጋነሽ ናት። "ጥጡ ከደጅ ተሰጥቷል" አለች። "ዝናብ አላገኘውም። ባይሆን እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት እፈትላለሁ።"

ቄስ ገበዝ ሊባኖስ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። "እንግዲያው ላባውን ለእኔ ስጠኝ።"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ይዤልህ እቀመጣለሁ። በእጅህ ካለ ታራግፋለህ።"

አለቃ ንብረት ላባውን አየው። ቄስ ገበዙን አየ። የያልጋነሽን ደረትና እዚያ ያለችውን ባለ አንድ ዓይን እናት አየ፤ ያች ሥዕል ከልጇ ቤት ትቀራለች። ከዚያም ላባውን ሰጣቸውና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ከግድግዳው ሊቆም፣ ያልተመለሰችውን ሴት እንደ ተመለሰች አድርጎ፣ በሁለት ዓይኗ፣ ሳያጠፋ ባንድ ትንፋሽ ሊሥላት ተስማማ፤ የኔታ ክንፉም በበትራቸው መሬቱን መታ አድርገው "ጎሽ፣ ሦስት ቀን የሸሸችህ እርሷ አይደለችም ልጄ፤ እጅ ሲፈራ መልክ ይሸሻል" አሉት።