እንግሊዝኛ የሚሰማው ፈረስ

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ የሚኖር ባለጋሪ እንግሊዝኛ መልመድ ፈልጎ የሚያናግረው ሰው ቢያጣ፣ ዳማ ከሚባለው ፈረሱ ጋር ማውራት ጀመረ። መንገድ ላይ ያየውን ሁሉ፣ የጎረቤቱን ፀብ ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ ይተርክለታል። ዳማም "ስቶፕ" ሲለው ይቆማል፤ "ጎ" ሲለው ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ቱሪስት ወደ ሐይቁ ማመላለስ የሚፈልጉ ባለጋሪዎች ለፈተና ተጠሩ። ፈታኙ የቱሪዝም ኃላፊው አቶ ንጋቱ ነበሩ፤ በእንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ላሳር የሚሉ ሰው።

"ከፈረስ ጋር እንግሊዝኛ የምታወራው እብድ አንተ ነህ?" አሉት። "እስቲ ዛሬ እንኳ ከሚያውቅ ሰው ጋር አውራ! እኔ ቱሪስት ነኝ፤ ተቀበለኝ።"

ባለጋሪው "ጉድ ሞርኒንግ" ከማለቱ፣ "ቆይ! እንደሱ አይባልም!" ብለው አቋረጡት። እንደገና ጀመረ። "ኧረ ምላስህን አስተካክል!" አሉት። ደግሞ ሲሞክር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሰዉም አብሯቸው ሳቀ። በዚህ ሁኔታ ረፋዱ አለፈ።

በመጨረሻ፣ "በል ፍረድ፤ እንግሊዝኛ ለመልመድ እኔ እሻላለሁ ወይስ ፈረስህ? ፈረሴ ካልክ ሐይቁን እርሳው!" አሉት።

ባለጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

"እውቀቱስ እርስዎ ጋ ነው ጌታዬ። ግን ከዳማ ጋር እየተሳሳትኩም ቢሆን ስንቴ ሐይቁ ደርሰን ተመልሰናል። ከእርስዎ ጋር ይኸው ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታም ገና ጉድ ሞርኒንግ ላይ ነን።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ንጋቱም ሳይወዱ በግድ ሳቁና ጋሪው ላይ ወጥተው "ጎ!" አሉ።

ዳማም አነጋገራቸውን ሳያርም ሄደ።