የወይዘሮ አማረች ስልክ የማይከፍተው ድምፅ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የቀጥታ ስርጭት ኃላፊ። ካሜራ ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ምክር ሲሰማ ግን ጆሮው ትንሽ ይከብዳል። እንዲህ ዓይነት ሰው ታውቃላችሁ? ወደ ጎን አትዩ፤ እናንተ ጋ ገና አልደረስኩም።

የዚህ ሰው ታናሽ ወንድም ሊያገባ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አማረች የሚኖሩት ሶዶ ከተማ ነው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ አይነሱም። "መምጣቱ ቀርቶብኛል። ቃል ኪዳኑን ሲገባ ግን በጆሮዬ ልስማና ልመርቀው" አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ጎረቤታቸው ብርቄ አስቀድማ ደወለች። "ጋሼ፣ የእማማ ስልክ አሮጌ ነው። ምስሉን አነስ ያድርጉት፤ ድምፁንም ሁሉም ስልክ በሚከፍተው በተለመደው ፎርማት ይላኩት።"

"ለእናቴማ ያነሰ አልልክም" አለ። ምስሉን ከሁሉ ትልቁ ላይ አደረገው። ለድምፁ አዲስ የወጣውን ፎርማት መረጠ። ከፍቶ ሞከረው፤ ጥርት ያለ ነው። በማን ስልክ? በገዛ ስልኩ።

ሰዓቱ ደረሰ። ሶዶ ላይ ምስሉ እየቆመ እየሄደ ይታያል፤ ድምፅ የለም። መጋቢው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሙሽራው ደግሞ ቃል ኪዳኑ ላይ የራሱን ግጥም ጨምሮበት ነበርና አፉ ብዙ ተንቀሳቀሰ። ለአንድ "አዎ" ይህን ያህል? እናት ደነገጡ፤ ደወሉ።

"ልጄ፣ ወንድምህ እምቢ ያለው ምን አድርጋው ነው?"

"ኧረ እማዬ፣ እሺ ብሏል።"

"ታዲያ ምን ያከራክረዋል?"

"አይሰማሽም እንዴ?"

"ምን ልስማ? ከጠዋት ጀምሮ ዓሣ ነው የምታሳየኝ።"

ሰውየውን ላብ አጠመቀው። ምስሉን ዝቅ አደረገ፤ ድምፁን ወደ ተለመደው መለሰ፤ ሮጦ መጋቢውን ለመነ። መጋቢውም ሙሽሮቹን እንደገና ጠየቃቸው። ሙሽራው ግጥሙን ሊደግም ሲል ሚዜው ነካ አደረገው፤ "አዎ" ብቻ አለ።

ኃላፊው ስልኩን ወደ ማይክራፎኑ አስጠጋ። እልልታ መጣ። ምርቃቱም መጣ፤ አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። ከዚያ እናት፣ "ለመሆኑ ሙሽራዋ የቷ ናት?" አሉ።

"ነጭ የለበሰችው።"

"ሁሉም ጉም ለብሰዋል። ይሁን፣ የልጄን ድምፅ ሰምቻለሁ።"

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው እናቱን አይወድም ነበር? ይወዳል እንጂ። ግን ፍቅሩን የሞከረው በራሱ ስልክ ነው። እናንተስ? አባቶች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስትለፉ ለልጃችሁ "እወድሃለሁ" እያላችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ልጁ ግን የሚከፍተው አጠገቡ ስትቀመጡ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ባለቤቴን በአርባ ደቂቃ ስብከት፣ ያውም ከነጥቅሱ፣ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አልከፈተላትም። የፈለገችው "አጥፍቻለሁ" የሚለውን ነበር።

ጌታ በሙሉ ክብሩ ቢመጣ ከመካከላችን ማን ይችለው ነበር? እኛ በምንችለው መጠን ዝቅ ብሎ፣ በግርግም ተኝቶ መጣ። እናንተ ከእርሱ ትበልጣላችሁ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ንግግር አትጀምሩ። አስቀድማችሁ "የምለው ይሰማችኋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት እስከ ዛሬ ዓሣ ሆናችሁባቸው ይሆናል።