ጉብታው ሞልቷል

ተረት ተረት ስላችሁ «የጉድጓድ ተረት» በሉኝ።

ከትልቁ ጫካ ወጣ ብሎ አንድ ጉብታ ነበር። ቆፋሪው አዋልደጌሳ ለራሱ አንድ ጉድጓድ በቆፈረ ቁጥር፣ አንድ ደግሞ መጠለያ ላጣ ይቆፍር ነበር፤ የጉብታው ደንብ ነው። ጃርትም ሆዷ ገፍቶ ስትመጣ በዚሁ ደንብ ገባች። «ከየት መጣሽ?» ያላት አልነበረም።

ልጇን ወልዳ ከተደላደለች በኋላ ግን እንቅልፍ አጣች። ኮቴ በሰማች ቁጥር እሾኋ ይቆማል።

አንድ ቀን ደመናው ሲጠቁር ጥንቸል ልጆቿን አስከትላ መጣች። «እትዬ ጃርት፣ ዝናቡ ሳይደርስብን አስጠጉን» አለች።

ጃርት ደንግጣ ጎረቤት ሰበሰበች። «ጉብታው በጉድጓድ ብዛት ሊናድብን ነው! ከእንግዲህ ማንም አይቆፍር፣ ማንም አይግባ!»

ሽማግሌው ኤሊ «ልጅሽ ስታድግስ?» አላት።

«የኔ ልጅማ እዚሁ የተወለደች ናት፤ ማን ይነካታል?»

ሁሉም መናዱን ፈርተው ተስማሙ። ጥንቸል ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። አዋልደጌሳም ሥራ ሲያጣ ወንዙን ተሻገረ።

ከርሞ የጃርት ልጅ አግብታ አረገዘች። የእናቷ ጉድጓድ ስለጠበባት ጉብታውን ስትዞር ውላ፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ተመለሰች።

«እማዬ፣ ጉብታው ሞልቷል አሉኝ።»

«እዚሁ መወለድሽን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው። የእናትሽን ደንብ አናፈርስም አሉኝ።»

ዝናቡ ጀመረ። ተረቴን መልሱ፤ እስኪያባራ አስጠጉኝ።