ይበሉኝ

አንዲት ሴት ነበረች፤ በዕድሜዋ እምቢ ብላ የማታውቅ። የስምንት ወር ልጇ ታመመ። ሳለ፣ አተኮሰው፣ ጡት አልይዝ አለ። አማቷ አዩትና፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» አሉ። ቆራጯን እማማ አንጓችን አስጠሩ። ጎረቤትም ተሰበሰበ።

ልብ በሉ፣ አማቷ ክፉ አይደሉም። ሰባት ልጆቻቸውን እንዲሁ እያስቆረጡ ያሳደጉ ሴት ናቸው።

እናትየው ግን ከጠዋት ጀምራ የልጁን ጎን ስታይ ነበር። በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ይሄ የጉሮሮ ነገር አይደለም አላት ሆዷ። ማን አስተማራት? ማንም። እናቱ ናት።

ታዲያ ምን አደረገች? ልጁን አንስታ ለእማማ አንጓች ሰጠች። አዎ፣ ሆዷ እየጮኸ ሰጠች። ሰው ቤቷ ድረስ መጥቶ እንዴት ይመለሳል? አማትስ እንዴት ይደፈራል? ይሉኝታ ያዛት። ይሄን ቃል አያችሁት? ገና ማንም ምንም ሳይል፣ «ይሉኛል» እያልን ቀድመን የምንሞትለት ነገር ነው።

ምላጩ ከጨርቁ ወጣ። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ አየ። ያኔ ተነሳችና ልጇን ከእማማ አንጓች እቅፍ መልሳ ወሰደች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ አይቆረጥም። ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።»

«ከእኛ በላይ አወቅሽ?» አሉ አማቷ።

«ስለ ልጄ፣ አዎ።»

ጎረቤቷ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ፣ «ኧረ አንቺ፣ ሰው ምን ይልሻል?» አለቻት።

«ይበሉኝ» አለች። ልጇን አዝላ ወጣች።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉሮሮውንም አየች። «ሳንባ ምች ነው። እንጥሉ ደህና ነው። እንዲህ ደክሞ ሳለ ቢደማ ኖሮ አይችለውም ነበር» አለች።

በሦስተኛው ቀን አማቷ አጥሚት ይዘው መጡ። ልጁ ጡት ይዟል። አጠገቧ ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ከሰባቱ ሌላ አንድ ነበረኝ። ያኔ የእኔም ሆድ እምቢ ብሎኝ ነበር» አሉ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ሆዳችሁ እየጮኸ ለሰው እቅፍ የሰጣችሁት ምንድን ነው? ትዳራችሁን ነው? የተፈጠራችሁበትን ሥራ ነው? ሆዳችሁ ያላችሁን ሁሉ አድርጉ አላልኩም፤ የእኔ ሆድ በጾም ጥብስ ይለኛል። እሱን አይደለም የምላችሁ። ጎኑ ስርጉድ ሲል እያያችሁ፣ እያወቃችሁ፣ አፋችሁን የያዛችሁበትን ነው። እግዚአብሔር እናንተን ሲፈጥር ጎረቤት አላማከረም። እናንተ ራሳችሁን ለመሆን የማንን ፈቃድ ነው የምትጠብቁት?

ምላጩ ሳይነካው ተነሱና ውሰዱት። ሰው ይላል። ብትሰጡም ይላል፣ ብትወስዱም ይላል። ይበል።